ሐሙስ ሐሙስ ወደ ሐይቁ

ጁን 8፣ ሐሙስ

ትናንት ማታ ዳሪንካ ከድንበር ማዶ፣ ከግራዝ ደወለች። የወንድሜ የሉድቪክ አንድ ልጁ ናት። ነገር ሳታዞር ተናገረች፦ «አክስቴ፣ አባቴ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እዚያ ሐይቅ ዳር ብቻውን መኖር ይችላል ወይስ አይችልም? በስልክ ስጠይቀው ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የሚለኝ። አንቺ ደግሞ አትዋሺኝም።» በአረጋውያን መኖሪያ ቤት አንድ ክፍል አስይዛለታለች፤ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ይጠብቁታል። ለቅዱሳን ሁሉ ቀን፣ ለሙታን ሻማ ልታበራ ወደ መቃብር ስትመጣ መልሴን ትፈልጋለች።

እሺ አልኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ አስተምሬ፣ ያለፈውንና የወደቀውን ለይቼ፣ አሁን አልችልም ማለት ነውር መሰለኝ። ሐሙስ ሐሙስ ሄጄ አየዋለሁ። ምክንያቱን ግን አልነግረውም።

ዛሬ የመጀመሪያው ነበር። ከቤቴ ከሉብልያና በጠዋቱ ባቡር፣ ከራኬክ ጣቢያ እስከ ጼርክኒጻ ከተማ በአውቶቡስ፣ ከዚያ እስከ መንደራችን በእግር። ባቡሩ ላይ ትኬት ተቆጣጣሪው ሲሞን የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ።

«ጓድ መምህር፣ የእርስዎን ካርድ አላይም» አለኝ። ጓድ መባባል ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ የእሱ አፍ ግን አልተወውም።

«ካርዱን እይ ሲሞን። ሥራህ ነው።»

«አይቀየሩም እኮ» አለና አየው። ጡረተኛ በነጻ የሚሄድበት አገር ውስጥ መኖሬን አመሰግናለሁ።

ሐይቁ ገና ሰፊ ነው፤ ከመንገዱ ዳር ግን መሸሽ ጀምሯል። ሉድቪክ ጀልባውን ገልብጦ ሬንጅ ሲቀባ አገኘሁት።

«ማን ሞቶ ነው የመጣሽው?»

«ማንም አልሞተም። ላይህ ነው።»

«እንግዲያው ብሩሹን ያዢ።»

ያዝኩ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ እንጨቱ በወግ ተከምሯል። የሠራው የባቄላና የጎምዛዛ ጎመን ሾርባ ከእኔ ይሻላል። በጥሩ ተጀመረ።

ጁን 22

በችኮላ። ባቡሩ ዘገየ፤ አውቶቡሱ አመለጠኝ። ከራኬክ ጀምሮ በእግር። ስደርስ ሉድቪክ ቁልፉን ጥሎ በመስኮት ሲገባ ነበር። በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ቁልፍ ጣለ። በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ በመስኮት ገባ። የቱን እንደምይዝለት አላውቅም።

ጁላይ 6

ትምህርት ቤት ስለተዘጋ አውቶቡሱም ቀርቷል። ከእንግዲህ እስከ ሴፕቴምበር መንገዱ ሁሉ በእግር ነው። አልከፋኝም። ጠዋት ጫካው ጥላ አለው፤ ከጼርክኒጻ ወዲህ ደግሞ ሜዳው ይከፈትና በስተግራ ስሊቭኒጻ ተራራ፣ በፊት ለፊት የያቮርኒክ ጫካ፣ በመካከላቸው ውሃው ይታያል። ጉልበቴ እስካሁን አላማረረም። ተመስገን ነው።

አዲሱን መነጽሬን ግን አልለመድኩትም። ራኬክ ጣቢያ የባቡር ሰዓት ሰሌዳው ላይ መስመሮቹ መሃል ላይ ጎበጥ ብለዋል። ማን እንዲህ አድርጎ እንዳተመው እንጃ።

ግማሽ መንገድ ላይ ዞፍካ በትራክተር ደረሰችብኝ። የሉድቪክ ጎረቤት ናት፤ ስድስት ላሞች አሏት፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ነው የምትሠራው።

«እትዬ ፓቭላ፣ ይውጡ። የሉብልያና ሰው በእግር ሲሄድ ላሞቼ ይደነግጣሉ።»

«እኔ የዚህ መንደር ልጅ ነኝ።»

«ነበሩ። አሁን ባርኔጣ አድርገዋል።»

ወጣሁ። ስለ ሉድቪክ ጠየቅኳት። «ደህና ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እኔ ጠዋት ጠዋት ወተት አደርስለታለሁ፤ በዚያው አየዋለሁ» አለች። ይህን ያለችበት አኳኋን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ጁላይ 20

ሐይቁ በየበጋው እንደሚያደርገው እየሄደ ነው። ወንፊት በምንለው ቦታ ውሃው በመቶ ቀዳዳ ወደ መሬት ውስጥ ሲገባ ይሰማል፤ ልክ የገንዳ ውሃ ሲወርድ እንደሚሰማው። ዓሣው በኩሬ በኩሬ ቀርቷል። ስለዚህ እንደ ዘወትሩ መንደሩ በሙሉ ባልዲና በርሜል ይዞ ወጣ፦ ዓሣውን ከጭቃው ለቅሞ ወደማይደርቀው ወደ ወንዙ ጥልቅ ጥምዝ መውሰድ ነው። እኔም የሉድቪክን ቦት ጫማ አድርጌ ሰልፉ ውስጥ ገባሁ። ባልዲ ተቀባይ፣ ባልዲ አቀባይ። አንዱ ትልቅ ዓሣ በጅራቱ ጉንጬን መታኝ።

ሉድቪክ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ነበር። ከዓሣ አጥማጆች ማኅበር የመጡ ሁለት ወጣቶች ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሽማግሌውን ማን ጠራው? እዚያ ተተክሎ ከቀረ እሱንም በበርሜል ልንሸከም ነው።»

ሉድቪክ ዞር ሳይል «በርሜሉ ትልቁ ይሁን» አላቸው። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ በእውነት ተተከለ። አራት ሆነው ሲጎትቱት አንድ ቦቱ እዚያው ቀረ፤ ቀሪውን ቀን በአንድ ቦትና በአንድ ካልሲ ሠራ።

ማታ። መጻፍ የፈለግኩት ይህን አልነበረም። ባልዲ ሊያቀብለኝ ዞሮ፣ ፊት ለፊት እያየኝ፣ «እማዬ፣ ያዢ» አለኝ። ያዝኩለት። እሱ ምንም እንዳላለ ሰው ወደ ሥራው ተመለሰ። ሰው ሲደክመው አፉ ያዳልጠዋል። ተማሪዎቼም ስንቴ እማዬ ብለውኛል፤ ከዚያ ክፍሉ ሁሉ ይስቃል፤ ልጁ ይቀላል። ሉድቪክ አልቀላም። ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው። ለዳሪንካ አሁን ምንም አልጽፍም፤ በአንድ ነገር አይፈረድም።

ደክሞኛል፤ ደስ ብሎኛልም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ቦታ አላጣሁም። ማንም ምን ትሠራለች አላለም።

ኦገስት 3

የሐይቁ ወለል አረንጓዴ ሆኗል፤ ሳሩ እስከ ወገብ ነው። እያንዳንዱ ቤት ሐይቁ ውስጥ የሚያጭደው ቁራሽ አለው። አጥር የለውም፤ አጥር ቢኖር ውሃው ይወስደዋል። ቁራሻችንን የምናገኘው አባታችን ባሳየን መንገድ ነው፦ ከአሮጌው የአኻያ ጉቶ ላይ ትቆማለህ፤ ካስማው በትክክል ከቤተ ክርስቲያኑ ማማና ከስሊቭኒጻ ጫፍ ጋር በአንድ መስመር ሲገባ ድንበሩ እዚያ ነው።

ድሮ አባቴ ያይ ነበር፤ ካስማውን የሚይዘው ሉድቪክ ነበር። ዛሬ እኔ አየሁ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ዘርግቼ።

«ወደ ግራ። ትንሽ። ትንሽ ጨምር። ቁም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የሒሳብ አስተማሪ ነኝ።»

«ለዚያ ነው የጠየቅኩሽ» አለና ተከለው።

በሞተር ማጨጃው ገባበት። ቀጥ ያለ መስመር ነው የሚያጭደው። ምሳ ዳቦና የደረቀ ቋሊማ ይዘን ሳሩ ላይ ተቀመጥን። በክረምት ጀልባ የሚሄድበት ቦታ ላይ ተኝቼ ሰማይ አየሁ። ለእንዲህ ያለ ቀን ማንን ማመስገን እንዳለብኝ አላውቅም፤ ስለዚህ ሉድቪክን አመሰገንኩት። «በዪና ዝም በዪ» አለኝ።

ኦገስት 10

ችግር አለ። ዞፍካ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«እትዬ ፓቭላ፣ ወንድምዎ የእኔን ሳር አጨደልኝ። ልክፈለው ወይስ ልክሰሰው?»

እየሳቀች ነው ያለችው። ግን እውነት ነው። ሉድቪክ የራሱን ትቶ የዞፍካን ቁራሽ ከዳር እስከ ዳር አጭዶታል። እሱን ስጠይቀው ባርኔጣውን አወለቀ፤ «ተሳሳትኩ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ዞፍካ በምትኩ የእሱን ታጭዳለች። ድርቆሹ ድሮም ለላሞቿ ነበር የሚሄደው። ለእነሱ ነገሩ አለቀ።

ጼርክኒጻ ውስጥ ዳቦ ስገዛ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ሉድቪክ በዚህ አያያዙ የቄሱንም ጢም ያጭዳል።» ወጥቼ ሄድኩ። መልሴንም ረስቼ ነበር፤ ሻጯ እየሮጠች አመጣችልኝ።

ከልጅነቱ ጀምሮ ያጨደውን መሬት! ይህን በቀላሉ ማለፍ አልችልም። ዛሬ ለዳሪንካ ጻፍኩላት። እማዬ ብሎ የጠራኝንም ጻፍኩ። እሷ «አመሰግናለሁ አክስቴ፣ ይህን ነበር የፈራሁት» ብላ መለሰች። እውነት ነው የጻፍኩት። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።

ኦገስት 24

አጭር። የድንች ድስት አርሮ ቤቱን ጭስ ሞልቶት ደረስኩ። እሱ ጓሮ ነበር። ድስቱን አብረን ፈተግነው። ሲፈትግ ይዘፍናል። ድምፁ ዛሬም ጥሩ ነው።

ሴፕቴምበር 14

ዛሬ ወደ ሐይቁ አልሄድኩም። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ታስረዳለች፤ ጥሩ አስተማሪ ይወጣት ነበር። በካሬ በካሬ የተሰመረ ወረቀት አሳየችኝ።

«መስመሩ የሚጎብጥበት ቦታ አለ?»

«መሃሉ ላይ። ወደ ግራ ይጎብጣል።»

«በሁለቱም ዓይን?»

«በግራው ብቻ።»

«ወረቀቱ ላይ የጎበጠ መስመር የለም» አለችኝ።

በሽታው ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። በየወሩ መርፌ እወስዳለሁ፤ እንዳይብስ ነው እንጂ የሚመለስ ላይሆን ይችላል። ቀኙ ደህና ነው። ስለ ቀኙ አመሰገንኩ። ከዚያ በአውቶቡስ ፋንታ በእግሬ ወደ ቤት ስሄድ፣ ድልድዩ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

ሳነጣጥር የምጨፍነው ቀኝ ዓይኔን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ።

ሴፕቴምበር 21

አውቶቡሱ ተመልሷል። ከሉድቪክ ቤት በፊት ወደ አኻያው ጉቶ ሄድኩ። ካስማው አሁንም እንደቆመ ነው። በግራ ዓይኔ አየሁ፤ ካስማው ልክ በማማውና በጫፉ መስመር ላይ ነው። በቀኝ ዓይኔ አየሁ፤ አይደለም። በአንድ ሙሉ ቁራሽ ርቋል።

ሉድቪክ ድንች ሲልጥ ነበር። ቢላ ወስጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አውቀህ ነበር?»

«ምኑን?»

«ካስማው ቦታው እንዳልሆነ። ያሳየሁህ እኔ ነኝ።»

«ስጨርስ ገባኝ። የዞፍካ ቁራሽ ዳር ላይ ሸምበቆ አለበት፤ የእኛ የለውም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? መንደሩ ሁሉ ሳቀብህ እኮ።»

«ሳር ነው ፓቭላ። ብነግርሽ ደግሞ አትተኚም ነበር።» ልጣጩን ከጉልበቱ አራገፈ። «ዓይንሽን ታዪ።»

«ታይቻለሁ። ግራው ነው።»

«የእኔ ጆሮም ግራው ነው። ከሁለታችን አንድ ደህና ሰው ይወጣል።»

በባቡር ስመለስ ለዳሪንካ እንደገና ጻፍኩላት፦ የማጨዱ ስሕተት የእኔ ነው፤ ያንን ከአባትሽ ላይ አንሺው። ሲሞን ካርዴን ሊያይ መጥቶ «ጓድ መምህር፣ ደህና ነዎት?» አለኝ። ጉንፋን ነው አልኩት። ሻይ አመጣልኝ። ባቡሩ ላይ ሻይ አይሸጥም፤ ከራሱ ፔርሙስ ነው የቀዳልኝ።

ኦክቶበር 12

ሦስት ቀን ዝናብ። የዘገየሁ መስሎኝ ከአውቶቡሱ ወርጄ እየቸኮልኩ መጣሁ። ከያቮርኒክ በኩል ዋሻዎቹ መምታት ጀምረዋል፤ ከበሮ መቺዎቹ እንላቸዋለን። ውሃው ከታች ሲመጣ አየሩን ይገፋዋል፤ ድምፁ ሩቅ ያለ ከበሮ ነው። ይህ ማለት ሐይቁ እየተመለሰ ነው።

ሉድቪክ ቤት አልነበረም። ምድጃው በርዷል፤ ካፖርቱ ተሰቅሏል። ወደ ውሃው ዳር ወረድኩ። ጀልባው ግማሹ ውሃ ላይ ነው። ሉድቪክ በሸሚዝ ብቻ መቅዘፊያ ይዞ ተቀምጧል፤ ዞፍካ ደግሞ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ ገመዱን በእጇ ጠምጥማ ይዛለች። ሁለቱም ርሰዋል።

«ድርቆሹ ሊሄድ ነው» ይላል። «ውሃው እየመጣ እኮ ነው። ልቀቂኝ።»

«ድርቆሹ ጎተራዬ ነው ሉድቪክ። በኦገስት አስገባነው። ላሞቼ እየበሉት ነው።»

«ውሸትሽን ነው።»

«እሺ ውሸቴን ነው። እትዬ ፓቭላ መጡ፤ እሳቸውን ጠይቅ።»

አየኝ። ከዚያ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አስተኛው። «ገብቷል?» አለኝ። «ገብቷል» አልኩት። ካፖርቴን አልብሼው ይዘነው ወጣን። ዞፍካ እጇ ላይ ገመዱ ቀይ መስመር አውጥቶባት ነበር። «ላሞቹን ሳስገባ ዘወር ብዬ ባላይ ኖሮ» አለችና አልጨረሰችውም። እጇን ያዝኩት።

የመጨረሻው ባቡር አለፈኝ፤ እዚህ አድራለሁ። ምድጃውን አንድጄ ሾርባ አሞቅኩ። ሉድቪክ ሁሉንም በላ። ሲጨርስ እንዲህ አለኝ፦

«ለዳሪንካ ትጽፊላታለሽ።»

አላወቀም ብዬ ነበር። «አዎ» አልኩት።

«ጻፊ። አትዋሺ።»

ላይኛው ክፍል ውስጥ፣ በልጅነት አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው ይህን የምጽፈው። ጣሪያው እንደ ድሮው ዝቅ ያለ ነው። ከበሮው ይሰማል። ሉድቪክ ታች ሲያንኮራፋ ይሰማኛል፤ ባቆመ ቁጥር እስኪቀጥል እጠብቃለሁ። ማንም ሳይሰማው ያደረባቸውን ሌሊቶች አስባለሁ። ሉብልያና ያለውን ቤቴንም አስባለሁ፤ እዚያ ደግሞ እኔን የሚሰማኝ የለም። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ከዚህ በፊት አስቤው አላውቅም።

ኦክቶበር 26

ለዳሪንካ ሁሉንም ጻፍኩ። ሁሉንም፦ ጀልባውን፣ ድስቱን፣ መስኮቱን፣ ጠዋት ጠዋት የሚመጣውን ወተት። «ስመጣ እንነጋገር» ብቻ አለች። ሐይቁ መንገዱ ጋ ደርሷል።

ኖቬምበር 1፣ የቅዱሳን ሁሉ ቀን

ዳሪንካ ትላንት ማታ ደረሰች። ጠዋት መቃብር ሄድን፤ ሻማ አበራን፣ አበባ አስቀመጥን። ሉድቪክ የእናታችንን ድንጋይ በእጁ መዳፍ ጠረገ። ጤነኛ ቀኑ ነበር፤ ሁሉንም በስማቸው ሰላም ሲል ዳሪንካ ከኋላ ታየዋለች። ዓይኗ ቀልቷል። ይህች ልጅ ክፉ አይደለችም። እዚያ ሩቅ አገር ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ እየወደቀ ነው የምትኖረው።

ምሳ ላይ የበሬ ሾርባ ከቀጭን ፓስታ ጋር ነበር። ዳሪንካ ማንኪያዋን ሳታነሳ «እንግዲህ አክስቴ» አለች።

«ብቻውን መኖር አይችልም» አልኳት።

ሉድቪክ ማንኪያውን አስቀመጠ። ዳሪንካ ወደ መስኮቱ አየች።

«እኔም አልችልም» አልኩ። «ላይኛውን ክፍል እፈልገዋለሁ። ጭስ ማውጫው ግን መጠረግ አለበት።»

ሉድቪክ ወደ እኔ ዞረ፦ «ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«ዳሪንካ፣ ይህች ሴት የእንጨት ክምሬን በቀይ እስክሪብቶ ታርመዋለች። ወደ አረጋውያኑ መኖሪያ ቤት ውሰጂኝ።»

«አባባ፣ ዝም በል» አለች፤ እየሳቀች ነበር፤ እያለቀሰችም ነበር። «አክስቴ፣ አንቺስ? ዓይንሽ፣ ሐኪምሽ?»

«በወር አንድ ጊዜ በባቡር እሄዳለሁ። አባትሽ ያጅበኛል፤ ሰሌዳውን ያነብልኛል።»

«እኔ? ሉብልያና?»

«አንተ። ኬክ እጋብዝሃለሁ።»

ሉድቪክ ማንኪያውን አነሳ።

ዳሪንካ ግን ቀላል አይደለችም። ይህን ክረምት እንሞክረው አለች፤ አንድ ቀን ማታ ወጥቶ ከጠፋ ግን እንደገና እንቀመጣለን፤ ያኔ ማናችንም አንኮራረፍም። ልክ ነው አልኩ። በዚህ እሱንም አስማልነው። ከዚያ በኋላ ያስያዘችውን ክፍል ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ልትደውል ወጣች፤ በዓል መሆኑ ትዝ ሲላት ከበር ተመለሰች። ዞፍካ የዋልነት ጥቅልል ኬክ ይዛ መጣች። ስንነግራት «ይሁና፤ ወተቱን ሁለት ሊትር አደርገዋለሁ» አለች።

ኖቬምበር 9፣ ሐሙስ

ሁለት ሻንጣ ይዤ መጣሁ። ሲሞን «ጓድ መምህር፣ ይህ የቀን ጉዞ አይደለም» ብሎ ራኬክ ላይ አወረደልኝ፤ ባቡሩን ለዚያ አቆይቶታል። ተቆጣሁት፤ ደግሞም አመሰገንኩት።

ሉድቪክ የቁምሳጥኑን ግማሽ ባዶ አድርጎልኛል፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን ረስቶ ሁለቱንም ባዶ አድርጎ ልብሱን ወንበር ላይ ከምሮታል። አብረን መለስነው። ውጭ ውሃው እስከ ጫካው ድረስ ሞልቷል፤ ዳክዬዎቹ መጥተዋል። ማታ ስንበላ አሻግሮ አየኝ።

«እስከ መቼ ነው የምትቆዪው?»

«ሐይቁ እስኪሄድ።»

«ሲሄድስ?»

«ያኔማ ማጨድ አለብን።»

«እሱስ ልክ ነው» አለና ሾርባ ጨመረልኝ።